የመላጊያው ምስማር

ለማርታ አባት፣ ለዳናዬ፤

ከተለየኸን ሦስት ዓመት አለፈ። ዘንድሮ ሦስተኛውን የጊፋታ አዲስ ዓመት ያለ አንተ ተቀበልን። ደህና ነህ ወይ ብዬ መጠየቅ አይገባኝም፤ የወንጌል ሰው ነኝና ደህና እንደሆንክ ማመን አለብኝ። ግን ታውቀኝ የለ፣ የተማሪ ደብተር እንኳ ሁለቴ ሳላይ አላርምም። እናም ልጽፍልህ ተቀመጥኩ። የምነግርህ ስለ ጋራዡ ነው።

ጋራዥ የምንለው በልማድ ነው እንጂ መኪና ገብቶበት አያውቅም። ሶዶ ውስጥ መኪና ሳይኖረው የመኪና ቤት የሠራ ሰው ካንተ ሌላ አልሰማሁም። ቤቱን አስቀድሞ መሥራት ነው፣ እንግዳው በራሱ ጊዜ ይመጣል ትል ነበር። እንግዳው ሳይመጣ የሥራ ጠረጴዛህ ገባ፣ ሞርሳው ገባ፣ ከዚያ መሣሪያዎችህ ግድግዳውን ሞሉት። ጎረቤት ሁሉ ስቆብን ሲያበቃ መበደር ጀመረ።

ግድግዳውን መቼም አትረሳውም። በኖራ አንጥተህ መሣሪያዎቹን በየምስማራቸው ሰቀልክ። ከዚያ ከሾፌር ጎረቤታችን ለምነህ ባመጣኸው የተቃጠለ የሞተር ዘይት የእያንዳንዱን ቅርጽ ከሥሩ ሣልክበት። መዶሻው ሲነሣ ጥቁር የመዶሻ ጥላ ይቀራል፤ መጋዙ ሲነሣ የመጋዝ፤ ጉጠቱ ሲነሣ የጉጠት። ምስማሮቹን በዱቄት ወተት ጣሳ በየመጠናቸው ለየህ፣ በጣሳው ፊት ላይም አንዷን በሽቦ አሰርክ፣ ፊደል ያልቆጠረም እንዳይሳሳት። ብሎኖቹ በማርማላታ ጠርሙስ ሆነው ከመደርደሪያው ሥር ተንጠልጥለዋል። እኔ በገዛ ወጥ ቤቴ ጨው ፍለጋ ስዳክር፣ አንተ ሳታይ እጅህን ልከህ ስድስት ቁጥር ምስማር ታወጣ ነበር። ያናድደኝ ነበር። በሕይወት ሳለህ አልነገርኩህም፤ አሁን እወቀው።

ሕጉም ያንተ ነበር፤ የወሰደ ይሰቅላል። መሣሪያ የሚዋስ ሰው የራሱን ነገር በዚያው ምስማር ላይ ሰቅሎ ይሄዳል። የስልጤው ሱልጣን፣ ባለሱቁ፣ ትልቁን መዶሻ ሲወስድ ነጭ ቆቡን ሰቀለ። የቀበሌው ጸሐፊ ደግሞ የሚሰቅለው ቢያጣ ቀበቶውን ፈትቶ፣ በአንድ እጁ መጋዙን፣ በሌላው ሱሪውን ይዞ እስከ ቤቱ ሄደ። ያን ቀን ስንስቅ እራት አመለጠን። የሰውዬው ንብረት እዚያ እስካለ ድረስ ሰውዬው ይመለሳል፤ መሣሪያው ሳይመለስም ንብረቱ አይወርድም። ለዘለቄታው የሰጠኸው መሣሪያ ሲሆን ብቻ ጥላውን በኖራ ትደመስሰዋለህ፤ የሰጡትን አይጠብቁም ብለህ። የጊፋታ ዋዜማ ሲደርስ ደግሞ ግድግዳው ሙሉ መሆን ነበረበት። የተጣላ በሚታረቅበት፣ የራቀ በሚገባበት በዓል ባዶ ምስማር ማየት አትወድም ነበር።

እንግዲህ ከዚህ በኋላ ያለውን ቀስ ብለህ ስማኝ።

በዚያ ሐሙስ ምሳ በልተህ ጋደም እንዳልክ ቀረህ። በማግስቱ ማለዳ ጓደኛህ አንጁሎ ከጉኑኖ በመጀመሪያው ሚኒባስ ደረሰና ሳጥኑን ከእኔ በቀር ማንም አይሠራም አለ። በገዛ ጋራዥህ፣ በገዛ መሣሪያህ ሠራው። ለማርታ ሠርግ ቁም ሣጥን እሠራበታለሁ ብለህ ሰባት ዓመት ያደረቅኸው የዋንዛ ሳንቃ እዚያው አለቀ፤ ቁራጭ እንኳ አልተረፈም። ግራጫ የሱፍ ኮፍያህን እኔ ራሴ ሳጥኑ ውስጥ አጠለቅኩልህ፤ መላጣህን ሰው እንዲያይብህ አትወድም ነበርና። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቀበርንህ።

በሦስተኛው ቀን ለለቀስተኛ አግዳሚ ወንበር ላወጣ ጋራዡን ከፈትኩ። አንጁሎ ሁሉንም በየቦታው መልሶታል። አንድ ጥላ ብቻ ባዶ ነበር፣ የትልቁ መላጊያ። በምስማሩ ላይ ኮፍያህ ተሰቅሏል።

አልጮህኩም። ወንበሩን አወጣሁ፣ በሩን ቆለፍኩ፣ ቁልፉን አንገቴ ላይ አሰርኩ። ለማንም አልተነፈስኩም። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ቢሰሙ ዙሪያዬን ከበው ይጸልዩልኝ ነበር፤ እኔ ደግሞ እንዲጸለይልኝ አልፈለግሁም። እውነቱን ልንገርህ፤ ፈርቼ ነበር፣ ከፍርሃቱ ሥር ግን ደስ ብሎኝ ነበር። የወሰደ ይሰቅላል። መላጊያውን የወሰድከው አንተ ነህ፣ የሰቀልከውም አንተ ነህ። እንግዲያው ትመለሳለህ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከገበያ ስመለስ፣ የዳሞታ ተራራ ጉሙን ጥሎ ፀሐይ ደጁን ሲሞላው፣ እገባና ኮፍያህን አራግፍ ነበር። በመጀመሪያው ቅዳሜ በላዩ ላይ ስስ የእንጨት ዱቄት ነበረበት። ከአንጁሎ ሥራ የቀረ ነው ብዬ አራገፍኩት። በሁለተኛው ቅዳሜም ነበረበት። በሦስተኛውም። የጣራው ማገር ነቅዞ ይሆናል ብዬ መሰላል አቁሜ በእጄ ዳሰስኩት፤ ደህና ነው። ኮፍያውን በፌስታል ሸፍኜ አፉን በሲባጎ አሰርኩ። በሳምንቱ ስፈታው ዱቄቱ ፌስታሉ ውስጥ ነው። ከዱቄቱ ጋር ደግሞ አንዲት የተጠቀለለች ስስ ፍቅፋቂ ነበረች፣ ከመላጊያ አፍ የምትወጣዋ ዓይነት። ነቀዝ እንዲህ ያለ ነገር አያውቅም። አሸተትኳት፤ ዋንዛ ናት። በጋራዡ ውስጥ ዋንዛ የለም፣ የዓመታት ሳንቃህ በሙሉ አንተ ጋ ነው።

እንዲህ እያልኩ ሦስት ዓመት ኖርኩ። አራግፋለሁ፣ እቆልፋለሁ፣ ሰኞ ወደ ክፍሌ ገብቼ ክፍልፋይ አስተምራለሁ። ሰው እንዴት ጠነከረች ይለኛል።

ማርታ ግን አደገች። አስረኛን ጨርሳ ቴክኒክና ሙያ ገባች፣ የመረጠችውም እንጨት ሥራ ነው፤ ከወንዶቹ መሃል ብቻዋን ተመረቀች። ብታያት እጇ ያንተ ነው፣ ግትርነቷን ከእኔ ወስዳለች። ከሁለት የክፍል ጓደኞቿ ጋር በጥቃቅንና አነስተኛ ተደራጅታ ጋራዡን ለወርክሾፕ ክፈቺልኝ አለችኝ። ጣራው ያፈስሳል አልኳት። እንጠግናለን አለች። ኤሌክትሪኩ አያስተማምንም አልኳት። በእጅ እንሠራለን አለች። በመጨረሻ ልብሷን ሻንጣ ውስጥ ስታጥፍ አገኘኋት። ሐዋሳ አንድ የቤት ዕቃ ድርጅት ሥራ ሰጥቷታል፤ እስከ ጊፋታ ካልከፈትኩላት ትሄዳለች። የሞተውን ስጠብቅ በሕይወት ያለችኝን ልሸኝ ነበር። ይህን እያወቅሁም ቁልፉን ከአንገቴ መፍታት አቃተኝ።

ብልጠትም ሞከርኩ። ከሱልጣን ሱቅ አዲስ መላጊያ ገዝቼ በዚያው ምስማር ላይ ሰቀልኩት፣ ግድግዳው ሙሉ ከሆነ ይበቃል ብዬ። ጥላው ግን ትልቅ ነው፤ በዙሪያው ጥቁሩ ተርፎ ይታያል። ኮፍያህን ማውረድ ስላልደፈርኩ በላዩ ደረብኩት። በሳምንቱ ስገባ አዲሱ መላጊያ ወለሉ ላይ ተቀምጧል፤ ወደቀ እንዳልል ስለቱ ወደ ላይ ሆኖ በጎኑ ነው የተኛው፣ አንተ ጠረጴዛ ላይ እንደምታስተኛው። ኮፍያው ብቻውን በምስማሩ ላይ ነበር። ያን ቀን ከጋራዡ የወጣሁት ወደ ኋላዬ እየሄድኩ ነው።

ጊፋታ ሳምንት ሲቀረው አንጁሎ መጣ። ከቀብርህ በኋላ በደጃችን አልፎ አያውቅም ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ መላጊያውን የወሰደው እሱ ነው ብዬ ለእህቴ ተናግሬ፣ ወሬው ጉኑኖ ድረስ ሄዶበታል። እንዲህ የምለው ለሰው ነው፤ ለራሴ የማምነው ሌላ ነበር። እሱ ግን ቂም ይዞ ዓመት መሻገር አይቻልም ብሎ፣ በጆንያ የቦዬ ሥር ተሸክሞ፣ በዳዩ እሱ ይመስል አንገቱን ደፍቶ ደጃፌ ላይ ቆመ። አፍሬ የምገባበት አጣሁ።

ታ ሚቼ፣ እህቴ፣ አልሰረቅኩም አለኝ። ያን ቀን ሰዓቱ ሄዶ፣ ሰማዩ ዝናብ አዝሎ፣ ሰው ደጅ ቆሞ ነበር። የሳጥኑን ውጭ ላገ፣ ውስጡን ሳይልግ ቀረ፤ ሳንቃው የመጋዝ ጥርስ እንደነከሰው ነው። አንተ የበርጩማ ሆድ እንኳ ገልብጠህ በብርጭቆ ወረቀት የምታለሰልስ ሰው፣ እንዲያ ባለ ሳንቃ ላይ መተኛትህ አንገበገበው። ስለዚህ መላጊያውን በቀኝ እጅህ በኩል አስቀመጠልህ፣ ወንድሜ የቀረውን አንተ ጨርሰው ብሎ። ይህን ሲነግረኝ እንባው ጉንጩ ላይ ነበር።

ዱቄቱ ከየት እንደሚመጣ ያን ጊዜ ገባኝ። ደፉ ላይ ተቀመጥኩ። ኮፍያውንስ ማን ሰቀለው ብዬ ጠየቅሁት።

አንጁሎ ጆንያውን ከትከሻው አወረደ። ከዚያ፣ አንቺ ነሽ እኮ አለኝ። ሌላው ሰው ድንኳን ውስጥ ነበር፣ በጋራዡ ውስጥ የነበርነው ሁለታችን ብቻ ነን። እሱ እንደነገረኝ፣ መላጊያውን ሲያስቀምጥ አይቼው አልከለከልኩትም። ቀጥዬ ጎንበስ ብዬ ያጠለቅኩልህን ኮፍያ ከራስህ ላይ አወለቅኩ፣ ወደ ግድግዳው ሄድኩ፣ በባዶው ምስማር ላይ ሰቀልኩና በእጄ አስተካከልኩት። ተመልሼም በቃ ክዳኑን ምታው አልኩት። እሱም መታው።

እኔ ይህን አላስታውስም፣ የማርታ አባት። እስከ ዛሬም አላስታውስም። ዋሽተሃል ልለው አፌን ስከፍት ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ኮፍያው የተሰቀለው ጠርዙ ወደ ግድግዳው ዞሮ ነው። እንዲያ የምሰቅል እኔ ነኝ። አንተ ሁልጊዜ ጠርዙን ወደ ሰው አዙረህ ትሰቅል ነበር፣ በዚህም ሃያ ዓመት ተነታርከናል። ሦስት ዓመት በየቅዳሜው ሳራግፈው ይህን አላየሁም።

ያሰርኩህ እኔ ነኝ ማለት ነው። መላጊያውን እስክትመልስ ኮፍያህን መያዣ አድርጌ፣ በገዛ ሕግህ። አንተ ደግሞ ሕግህን የምታፈርስ ሰው አይደለህም። ከታች ስትልግ፣ ከላይ ስጠብቅ፣ ሁለታችንም ሳናርፍ ከረምን። ይቅር በለኝ። ክፋት አልነበረም፤ እንድትመጣ ፈልጌ ነው።

በጊፋታ ዋዜማ ማርታን ጠርቼ ቁልፉን ከአንገቴ ፈታሁ። በሩን በሁለቱም ክንፉ ወለል አድርገን ከፈትነው። ያን ግድግዳ ስታይ አለቀሰች፣ ተውኳት። ኮፍያህን አወረድኩ፣ ምስማሩን በጉጠት ነቀልኩ። ኖራ በጥብጬ የመላጊያውን ጥላ ቀባሁት፣ እየቀባሁም ሰጥቼሃለሁ አልኩህ፣ ማርታ እየሰማችኝ። ሲደርቅ ጥላው ቡናማ ሆኖ ወጣ። ደግሜ ቀባሁ፤ ወጣ። ሠለስኩት፤ ከእጀታው በኩል ጀምሮ ቀስ እያለ ወጣ። ማርታ ዘይት ኖራ አይይዘውም አለችኝ። ልክ ናት፣ የተማረችው ነው።

የቤቱን ወሬ ልጨርስልህ። ማርታ ሐዋሳ አልሄደችም። ሦስቱ ሆነው የመማሪያ ወንበር ይሠራሉ፣ ሕጉም እንደ ድሮው ነው። የቀበሌው ጸሐፊ ባለፈው መጋዝ ሊዋስ ሲመጣ ሁለተኛ ቀበቶ በኪሱ ይዞ ነበር። ኮፍያህን ማርታ ታደርገዋለች፤ ጆሮዋ ላይ ይወርድባታል። አሁን ዱቄት ሲገኝበት ከየት እንደመጣ ሁሉም ያውቃል። እኔ ግን ቅዳሜ ስታወልቀው ተቀብዬ ማሽተቴን አልተውኩም። ጥድ ይሸታል፣ ባሕር ዛፍ ይሸታል። ዋንዛ ካቆመ ቆየ። ጨርሰህ ይሆን?

አልረሳህም። ኖራው ጥላህን መያዝ ካልቻለ በየጊፋታው ዋዜማ እየበጠበጥኩ እቀባዋለሁ፣ እኔ ሳልችል ማርታ ትቀባዋለች፤ በቀባን ቁጥር ያንኑ ቃል እንነግርሃለን። መላጊያው ያንተ ነው። የሻከረ ከቀረህ ላግ፣ ሲለሰልስልህ ከጎንህ አስተኛውና አንተም ተኛ።

አትመልሰው።

የማርታ እናት