ወላጅ የሌለው አዝራር

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9 ቀን

ለተከበሩ የሥልጠና ማዕከላችን የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ፤

ይህን ጽፌ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የለጠፍኩት ፊት ለፊት መናገር ስለማልችል መሆኑን፣ እያፈርኩም ቢሆን፣ አስቀድሜ ልናገር። ጓደኞቼ «ሳይለንት ላይ ያለች ስልክ» ይሉኛል፤ እርስዎ ሲያዩኝ ደግሞ ጭራሽ እጠፋለሁ። ለመሆኑ ጤናዎ እንደምን ሰነበተ? ወገብዎንስ ተሻለዎት? ከወንበርዎ ሳይነሱ ስለሚውሉ ሁላችንም እናስባለን።

የዴስክቶፕ ፕሮግራም የሚሠራበትን ማዕቀፍ እንድንማር ክፍሉን ስለከፈቱልን አመሰግናለሁ። ማዕቀፉ መስኮቱንም፣ በማውዝ የሚጫኑትን አዝራርም አስቀድሞ አዘጋጅቶ ይሰጣል፤ የእኛ ድርሻ ከእያንዳንዱ «ኦብጀክት» የሚባል የራሳችንን ቅጂ ፈጥረን እርስ በርስ ማገናኘት ነው። አስተማሪ ባይመድቡልንም መመሪያ መጽሐፍ አስቀምጠውልናል። ሁለተኛው ምዕራፍ ተገንጥሎ መጥፋቱም በራሳችን እንድናስብ ረድቶናል። ከምስጋናዬ ቀጥሎ ጥቂት ቅሬታዎች አሉኝ።

1ኛ. እናቴ ግማሽ አካሏ ሽባ ከሆነ ወዲህ መናገር አልቻለችም። የግራ እጇ ጣቶች ግን ይታዘዙላታል። አጎቴ አሮጌ ላፕቶፕ ስለሰጠን፣ አዝራር ስትጫን የገዛ ድምፅዋ የሚሰማበት ፕሮግራም ልሠራላት ጀመርኩ። ድምፁን ያገኘሁት ከመታመሟ በፊት ለአክስቴ በስልክ ከላከቻቸው መልእክቶች ነው። «ውሃ»፣ «በቃኝ»፣ «ነይ እስቲ ልጄ» የምትልበትን እየመረጥኩ ቆረጥኩ። ሁሉንም ከስልኩ በብሉቱዝ አሳልፌ የማዕከሉ ማሽን ላይ ብቻ አስቀመጥኩ፤ በርዎ ላይ ፍላሽ ይዞ መግባትም መውጣትም ክልክል ነው ይላልና። ሕግ አክባሪ ስላደረጉኝ አመሰግናለሁ።

2ኛ. ማዕከሉን ሊጎበኙ እንግዶች የመጡ ዕለት፣ አዝራር ሲፈጠር ወላጁ ማን እንደሆነ መንገር እንዳለብኝ አላውቅም ነበር። ወላጁ የሚቀመጥበት መስኮት ነው። ወላጅ ያልተሰጠው አዝራር፣ በኋላ አንዲት የቀድሞ ሠልጣኝ እንዳስረዳችኝ፣ መስኮቱ ውስጥ አይገባም፤ ብቻውን ትንሽ መስኮት ሆኖ ይከፈታል። ያን ዕለት ፕሮግራሜን ስከፍት ስክሪኑ በትናንሽ መስኮቶች የተሞላው ስለዚህ ነው። አንደኛው እንግዳ አንዱን ሲጫኑት እናቴ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት «ውሃ» አለች። እርስዎ «ማን ነው የጠማው?» ብለው ቀለዱ፤ ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም የሳቅሁ ይመስለኛል።

3ኛ. እንግዶቹ እንደወጡ ቫይረስ ነው ብለው ማሽኑን ፎርማት አስደረጉት፤ የነበረው ሁሉ ጠፋ። ፕሪንተሩ ተበላሽቶ ዓመት ሲያልፈው እያየሁ፣ እንዲህ ፈጣን መሆንዎን ባለማወቄ ይቅርታ። የአክስቴ ስልክ ውሃ ገብቶበት ከሞተ ቆይቷልና ድምፁ ሌላ የትም አልነበረም። ይህን ልነግርዎ አፌን ስከፍት፣ «ወላጅሽን ሳታመጪ እዚህ በር እንዳትደርሺ» አሉኝ። ነገር ማሳጠር ያውቁበታል።

4ኛ. ቤት ስገባ እናቴ ፕሮግራሙ የታለ ብላ በዓይኗ ጠየቀችኝ። ውሃ አጠጣኋት።

ፕሮግራሙን እንደገና መጻፍ አያቅተኝም፤ አሁን ለአዝራሩ ወላጁን መስጠት አውቄያለሁ። የሌለኝ ውስጡ የሚገባው ድምፅ ነው። የራሴን ላስገባላት ብዬ ቀዳሁት። «ነይ እስቲ ልጄ» ስል ግን ማንን እንደምጠራ ግራ ገባኝና አጠፋሁት።

ትእዛዝዎን አክብሬ ነገ ጠዋት እናቴን ይዤ እመጣለሁ። አጎቴና ጎረቤታችን አናጢው ከነወንበሯ ተሸክመው ደረጃውን ያወጧታል፤ እኔም ከጎኗ እቆማለሁ፣ አልጠፋም። ጥፋቴን ለእርሷ ይንገሯት። በደንብ ትሰማለች፤ ንግግርዎንም አታቋርጥም።

ውድ ጊዜዎን በመሻማቴ ዝቅ ብዬ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ሥራዎ ሁሉ ከቫይረስም ከሠልጣኝም የጸዳ እንዲሆንልዎ የምመኝ፣

የመጨረሻው ረድፍ ሠልጣኝዎ

ማስታወሻ፦ እናቴ ነገ ለሰላምታዎ መልስ ባትሰጥ እንደ ንቀት እንዳይቆጥሩባት። መልሷ እርስዎ ባጸዱት ማሽን ውስጥ ነበር።