በኔ መስመር ላይ የፈረምከው ፊርማ

እሑድ፣ ከቀትር በፊት

ለአባዬ፣

እንደምን ሰንብተሃል እንዳልልህ ዛሬ ጠዋት አብረን ላም አልበናል። ቢሆንም ደብዳቤ ያለ ሰላምታ አያምርምና እንደምን አለህ? ጉልበትህስ? ብጠይቅህ «ደህና ነው» እንደምትል አውቃለሁ፤ ደረጃውን አንዱን እግር አስቀድመህ ሌላውን እየጎተትክ ስትወርድ ግን ከላይ ሆኜ እሰማሃለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ላሞቹም ደህና ናቸው፤ የቁጥር አሥራ ሁለቷ ላም የግቷ እብጠት ቀንሷል።

ይህን በአፌ ልነግርህ ሁለት ጊዜ ሞክሬ ነበር። እማዬ ወደ ፍሎሪዳ ከሄደች ወዲህ እኔና አንተ ከላምና ከበረዶ ሌላ ወሬ ጠፍቶብናል። እኔ ነገር ስጀምር አንተ ባልዲህን ታነሳለህ። ስለዚህ ከቤተ ክርስቲያን እስክትመለስ ድረስ ኩሽና ውስጥ ቁጭ ብዬ እየጻፍኩልህ ነው።

ጉዳዩ የኮሌጁ ጉዳይ ነው። በታኅሣሥ ለሁለት ቦታ አመልክቻለሁ፤ አንዱ ኦሃዮ ያለው ኮሌጅ ነው፣ ሌላው ጠዋት አልቤ ክፍል የምደርስበት፣ አርባ ደቂቃ የሚርቀን ዩኒቨርሲቲ። ሁለቱም በመጋቢት መልስ ይልካሉ፤ እኔም እስከ ግንቦት መጀመሪያ አስቤ እመርጣለሁ። የተስማማነው እንዲህ ነበር። ከገና በኋላ ግን ድንገት ተነስተህ የኦሃዮውን ማመልከቻ ወደ አስገዳጁ ዓይነት ቀይሪው አልከኝ። መልሱ በየካቲት ይመጣል፤ ከተቀበሉኝ ሌላውን ሰርዤ እሄዳለሁ፤ ከዚያ በኋላ ሐሳብ መቀየር የለም። ለምን ብልህ «ቶሎ ይለይልን፣ እኔም እንቅልፌን ልተኛ» አልከኝ።

ገረመኝ። አንተ ትራክተር ለመግዛት ሦስት ዓመት ያሰብክ ሰው ነህ። ዋጋ መጠየቅ የጀመርከው ትራክተር ሻጩን አባትየውን ነበር፣ ሰውዬው ጡረታ ወጥቶ የሸጠልህ ልጁ ነው።

ሰኞ ዕለት የትምህርት ቤታችን አማካሪ ሚስ ፔልኪ ቢሮዋ ጠራችኝ። የመቀየሪያው ወረቀት ሦስት ፊርማ ይፈልጋል፤ የተማሪው፣ የወላጁና የአማካሪዋ። «አባትሽ በበረት ቦቲው መጥቶ ምንጣፌን ጉድ አድርጎት ሄደ» አለችኝ እየሳቀች። «መፈረሙንስ ፈርሟል፤ የት እንደፈረመ ግን እስቲ እዪው።» አየሁት። በተማሪው መስመር ላይ ፈርመሃል። እሷ መነጽሩን ረስቶ ይሆናል ብላ ሌላ ወረቀት አተመችልኝ። እኔም ሳቅኩ፤ አውቶቡሱ ውስጥ ግን ሳቁ ጠፋ። ማክሰኞ አዲሱን ስሰጥህ በትክክለኛው ቦታ ፈርመህ መለስክልኝ፣ የኔ መስመር ባዶ ሆኖ ቀረ።

ሐሙስ ዕለት የወተት ክፍሉን ሳጥብ ሰሌዳውን ቀና ብዬ አየሁት። ያ ሰሌዳ ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ የኔ ሥራ ነበር፤ አንተ ላሟ የተዳቀለችበትን ቀን ትነግረኛለህ፣ እኔ ዘጠኝ ወር ቆጥሬ የምትወልድበትን እጽፋለሁ። በዚህ መኸር ማመልከቻ ስጽፍ ከርሜ ረስቼው ነበር። ከሰኔ በኋላ አንድም ስም የለም። ከሠላሳ አራት ላም ከሰኔ በኋላ የምትወልድ አንዲት እንኳን የለችም።

ላሞቻችንን የሚያዳቅልልን ራንዳል ጋ ደወልኩና ከአባዬ ጋር ተጣልታችኋል እንዴ ብዬ ጠየቅኩት። «ኧረ ምን ያጣላናል የኔ ልጅ» አለኝ። «ከመስከረም ወዲህ አልጠራኝም። እኔ ደግሞ ሰውን ለምን አልጠራኸኝም አልልም። ላሞቹን የማያስከብድ ሰው ምን እንዳሰበ ከአባትሽ ጋር ያደግሽው አንቺ አጥተሽው ነው?»

አላጣሁትም። ላም ካልወለደች አትታለብም። ልትሸጣቸው ነው።

ያኔ ጥድፊያህ ገባኝ። ላሞቹ በጸደይ ለጨረታ ሲወጡ እኔ ገና ያልወሰንኩ ከሆንኩ፣ ቅርቡን ዩኒቨርሲቲ መርጬ እቀራለሁ፣ ከብቶቹም አይሸጡም። ይህን አስልተህ ቀድመህ ልታስረኝ ፈለግህ። እውነቱን ልንገርህ፣ ተናድጃለሁ። የተናደድኩት በመሸጥህ አይደለም፤ ጉልበትህን አያለሁ። ራንዳል የሚያውቀውን እኔ ከሰሌዳ ላይ ማንበቤ ነው ያናደደኝ። ደግሞም ልክ ነህ፣ እቀር ነበር። ልክ መሆንህም ያናድዳል።

አንድ ለማንም ያልነገርኩት ነገር አለ። ባለፈው ዓመት ከቬርሞንት እስከ ኦሃዮ አሥራ ሁለት ሰዓት ነድተህ ወስደኸኝ፣ አንተ መኪና ማቆሚያው ላይ እንቅልፍ ሲወስድህ እኔ ቤተ ሙከራቸውን በመስኮት ሳይ ቆየሁ። ላም ለማለብ የማልነሳበት ጠዋት ምን እንደሚመስል አሰብኩ። ደስ አለኝ፣ ወዲያው ደግሞ አፈርኩ። ወደ ቤት ስንመለስ ስለ ኮሌጁ ስትጠይቀኝ «ደህና ነው» ያልኩህ ለዚህ ነው።

ፈርሜያለሁ፣ በራሴ መስመር ላይ። የመጨረሻው ቀን ነገ ስለሆነ ጠዋት ለሚስ ፔልኪ እሰጣታለሁ። ካልተቀበሉኝ ያኔ እናወራለን፣ በአፍ።

ትሩዲ ግን የኔ ናት። ለወረዳው የከብት ትርኢት ከጥጃነቷ ያሳደግኳት እኔ ነኝ፣ ወረቀቷም በስሜ ነው፤ ጨረታ ላይ አትወጣም። ዓርብ ዕለት መኖ ልገዛ ብለህ ለጉልበትህ ሐኪም ጋ ስትሄድ (መኪናው ባዶውን ሲመለስ አይቻለሁ) ኮርማ ፈልጋ ስትጮህ አገኘኋት። ራንዳልን ጠራሁት። «አባትሽ ያውቃል?» አለኝ፤ በደብዳቤ ያውቃል አልኩት።

ዘጠኝ ወሯ የሚሞላው ጥቅምት አጋማሽ ላይ ነው። የኦሃዮዎቹ የመኸር እረፍትም ያኔ ነው፤ የቀን መቁጠሪያቸውን አይቻለሁ። እስከዚያ ጠዋት ጠዋት ተነስቶ የሚያያት ሰው ያስፈልጋታል። አንዲት ላም ጉልበት አትጨርስም። መክበዷ የሚታወቀው ከአንድ ወር በኋላ ነው፤ የኮሌጁም መልስ የሚመጣው ያኔ ነው። ስሟን ሰሌዳው ላይ ጽፌዋለሁ፣ እንዳትደመስሰው።

ደብዳቤውን ባልዲህ ውስጥ እተወዋለሁ። እግዚአብሔር ጉልበትህን ያጽናልህ፣ ያጣኸውን እንቅልፍም ይስጥህ።

የሰሌዳ ጸሐፊህ፣
ልጅህ