አልገባም ያለችው ልጄ

ዓርብ፣ የካቲት ፲፮ ቀን ፲፱፻፶፬ ዓ.ም.

ይህች ልጅ ዛሬስ አንጀቴን አሳረረችው። ለኪዳነ ምሕረት ንግሥ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን እንጦጦ ድረስ ያን ሁሉ ዳገት አብራኝ ወጥታ፣ የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ስንደርስ «አልገባም» ብላ ባሕር ዛፉ ሥር ተገተረች። ዐሥራ ሁለት ዓመት ከሞላት ወዲህ ያላኮረፈችበት ቀን የለም፤ የዛሬውም ያው ኩርፊያ መሰለኝ። «ታቦቱ ሊወጣ ነው፣ ግቢ!» ብዬ በሰው ፊት ክንዷን ጎተትኩ። እንባዋ ግጥም አለ እንጂ ንቅንቅ አላለችም።

አጠገቧ የቆመች አንዲት የማላውቃት ወጣት ሴት ጠጋ ብላ፣ «ይተዋት እትዬ፤ እኛ ዛሬ ከደጅ ነው የምንሳለመው» አለችኝ።

ክንዷን ለቀቅኩት። ለካ የወር አበባዋ መጥቶ ኖሯል።

ቁልቁለቱን ስንወርድ «ለእናትሽ እንዲህ ያለው ነገር አይነገርም?» አልኳት።

«ትጮሂብኛለሽ ብዬ ነዋ።»

«እኔ መቼ ጮኼ አውቃለሁ?» ብዬ ጮኽኩባት።

ጥቂት ሄደን «ለመሆኑ የመጀመሪያሽ ነው?» ስላት፣ «ባለፈው ወርም ነበር» አለች።

ባለፈው ወር! ሆዴን ቆረጠኝ ስትለኝ፣ ኮሶ ነው የያዛት ብዬ እየተቆጣሁ ኮሶ ያጠጣኋት ጊዜ መሆኑ ነው። ያንን መራራ ነገር ቃል ሳትተነፍስ ጨለጠችው፤ ለእኔ ከመንገር ኮሶው ቀሏት።