«ነገ ነይ» ባዩ በቀቀን

ሐሙስ፣ ከቀትር በኋላ

ተናገረች! ልጅሽ ተናገረች! በሹክሹክታ እንዳይመስልሽ፤ ጎረቤት እስኪሰማ ጮኻ፣ እኔን ታላቅ እህትሽን በሰው ፊት አዋርዳ ተናገረች። ከደስታ ይሁን ከንዴት የምጽፍልሽ አንቺው ለይተሽ አንብቢው።

አሁን ሰላምታ። እንዴት ነሽ እህቴ? እኔ ደህና አይደለሁም፣ ተናድጃለሁ። በስልክ ልነግርሽ ነበር፤ ግን መሃል ገብተሽ ታለቅሺብኛለሽ። ዛሬውኑ በመንገደኛ የምልከውን ደብዳቤ ግን ማንም አያቋርጠውም፤ ስለዚህ ቁጭ ብለሽ እስከ መጨረሻው ስሚኝ።

ያ ስንት ጊዜ ያማረርኩልሽ በቀቀን የጎረቤቴ የጋሽ ሹፌር ነው። ጡረታ ሲወጣ ታክሲውን ሸጠና ወፉ እጁ ላይ ቀረ። ዕድሜውን ሙሉ ከሹፌሩ ወንበር ኋላ ተንጠልጥሎ ስለኖረ የሚያውቀው የረዳት ቋንቋ ብቻ ነው፤ «ሂሳብ! ሂሳብ!» ይላል፤ እኛም ስሙን ሂሳብ አልነው። የጋሽ ሹፌር ሚስት «ወይ እኔን ወይ ወፉን ምረጥ» ስትለው፣ ብልጡ ሰውዬ ሁለቱንም መረጠ፤ ሚስቱን እቤቱ፣ ወፉን እኔ ስፌት ቤት።

ደንበኛ ልክ ልትለካ እጇን ስትዘረጋ «ጠጋ ጠጋ በሉ! ቦታ አለ!» ይላታል። አንዷን ደልደል ያለች ሴትዮ ወገቧን ስለካ «ሞልቷል! ሳበው!» ብሎ፣ ጨርቋን ጠቅልላ ወጥታ ቀረች።

ልጅሽ ሚጢጢ ግን ወደደችው። አንቺ ለሥራ ርቀሽ ከሄድሽ ጀምሮ ለሰው አንድ ቃል ያልተነፈሰችው ልጅ፣ አስተማሪዋ «ለእንዲህ ዓይነት ልጆች የሚሆን ሌላ ትምህርት ቤት ፈልጊላት» እስክትለኝ ድረስ አፏን የዘጋችው ልጅ፣ ከመቁረጫው ጠረጴዛ ስር ገብታ የወፉን የሽቦ ቤት አቅፋ ታንሾካሹካለች። እኔ ቀረብ ስል ጸጥ! ሁለቱም እንደ ሌባ ያዩኛል።

መቼም ሥራዬን ታውቂዋለሽ። ልብስ ሰፊ «ነገ ነይ» ካላለ ምን ሊል ነው? ክር አለቀ፣ መብራት ሄደ፣ ያለኝ እጅ ሁለት ብቻ ነው። መርፌ በከንፈሬ እንደያዝኩ «አልደረሰም እናቴ፣ ነገ ነይ» እላለሁ። ሁሉም ልብስ ሰፊ እንዲህ ነው የሚኖረው።

ባለፈው ሳምንት አንድ የሙሽራ ልብስ ጨርሼ፣ ተኩሼ ሰቀልኩ። ያውም ከቀጠሮው በፊት! ባለቤቶቹ ግን ድምፃቸው ጠፋ። ዛሬ ይመጣሉ፣ ነገ ይመጣሉ ስል፣ ትናንት የሙሽራዋ እናት በሩን በርግዳ ገባች።

«አንቺ ሴትዮ! ልጄን እርቃኗን ልድራት ነው? በመጣሁ ቁጥር በሩን ዘግተሽ ከውስጥ ነገ ነይ ትይኛለሽ! ይባስ ብለሽ ትስቂብኛለሽ!»

«እኔ? ልብሱ ይኸው ተሰቅሎ አይደል እንዴ! ይህን ቃል ተናግሬ ከሆነ ምላሴ ይቆረጥ!»

አፌን ሳልዘጋ፣ ከጠረጴዛው ስር፣ በእኔው ድምፅ፣ መርፌ በከንፈሩ እንደያዘ ሰው እየተኮላተፈ፣ «አልደረሰም እናቴ፣ ነገ ነይ» አለ።

ለካ እኔ ክርና ቁልፍ ልገዛ ስወጣ፣ ልጅሽን «ለማንም እንዳትከፍቺ» ብዬ ስዘጋባት፣ ሰው ሲያንኳኳ ወፉን ጎሸም ታደርገዋለች፤ እሱ እንደኔ ሆኖ ይመልሳል፤ እሷ አፏን በቁራጭ ጨርቅ አፍና ትስቃለች። ስንቱን ደንበኛ እንደመለሱብኝ እግዜር ይወቀው!

ደሜ ፈላ። ጋሽ ሹፌርን በግድግዳው በኩል ጮኼ ጠራሁት።

«ይህን ምላሳም ዛሬውኑ ከዓይኔ አጥፋልኝ!»

«እባክሽ እህቴ፣ ባለቤቴ ከነላባው ትቀቅላለች።»

«እሱን ነው አንተን?»

«ሁለታችንንም!»

የሽቦውን ቤት ብድግ አድርጌ ወደ በሩ ስሄድ «አይሄድም!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። እውነቴን ነው የምልሽ፣ የልጅሽን ድምፅ ረስቼው ስለነበር ወፉ መስሎኝ ወደ እሱ አፈጠጥኩ። ቀና ስል፣ ሚጢጢ በሩ ላይ ሁለት እጇን ዘርግታ ቆማለች።

«አይሄድም! ሂሳብ አልዋሸም። የምትዋሺው አንቺ ነሽ! ለሁሉም ሰው ነገ ትያለሽ። እማዬም በስልክ ነገ፣ ነገ ትላለች። እሱ እኮ ነገ ምን እንደሆነ አያውቅም። እናንተ ግን ታውቃላችሁ!»

ያ ቀልበ ቢስ ወፍ «ወራጅ አለ!» ሲል፣ የሙሽራዋ እናት ጨርቅ ክምር ላይ ዘፍ ብላ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። እኔ ልጅሽን በጥፊ ልላት ያነሳሁት እጅ፣ ምን እንደነካው እንጃ፣ አንገቷን አቀፈ።

ከዚያ ወዲህ ወሬዋ አላቆመም። ዛሬ ጠዋት እየለፈለፈች የአስተማሪዋን ጆሮ አደከመችው። ወፉም አልሄደም። ደንበኛ ሲመጣ ጨርቅ አለብሰዋለሁ፤ እሱ ከውስጥ «መብራት ሄደ» ይላል።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ፤ ንዴቴ ከወፉ ይልቅ አንቺ ላይ ነው። ስልኩን ጆሮዋ ላይ ስይዝላት ትንፋሿን ብቻ ትሰሚና «ነገ እመጣለሁ የኔ ቆንጆ» ብለሽ ትዘጊያለሽ። ስላልመለሰችልሽ አልሰማችም መሰለሽ? እያንዳንዷን ነገ ይዛልሻለች! አለቃዬ አልፈቀደም፣ ሥራ በዛ፣ ሳንቲም እስክይዝ፣ እንዳትዪኝ። እኔ የሰበብ ባለሙያ ነኝ፤ ስፌቱን ከሩቅ አውቀዋለሁ።

ከሙሽራዋ ልብስ በተረፈው ጨርቅ ለሚጢጢ ቀሚስ እየሰፋሁላት ነው። እያደገች ስለሆነ ጠርዙን ሰፋ አድርጌ አጥፌዋለሁ፤ በየዓመቱ እየፈታሁ አስረዝምላታለሁ። ማለቴ፣ አንቺ ትፈቺላታለሽ። ከባድ አይደለም፤ ስትመጪ አሳይሻለሁ።

ስፌት ቤቱን ዘግቼ ግብዣ አዘጋጅቻለሁ። ጋሽ ሹፌር ከነሚስቱ፣ የሙሽራዋ እናት ከነሙሽራዋ፣ አስተማሪዋ፣ ወፉ የመለሰብኝ ደንበኛ ሁሉ፣ ያቺ ደልደል ያለችው ሳትቀር፣ ተጠርተዋል። ልጅሽ በሩ ላይ ቆማ «ግቡ፣ ቦታ አለ!» ልትል ነው። አንዱን ወንበር ግን ማንም እንዳይቀመጥበት ከአሁኑ መሃረቧን አኑራበታለች።

መንገድሽ ይቃና፣ ክፉ አይንካሽ።

የምትወድሽ፣ የተናደደችብሽም
ታላቅ እህትሽ

ግብዣው የፊታችን እሁድ ነው፣ ከምሳ በፊት። ሁሉም ይመጣል፤ አንቺም። ነገ አላልኩሽም፤ እሁድ።