የፎርቱኔ ካርኔሽኖች

ይድረስ ለምወድሽ እታለም ዜፊሪን፤

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ እንዴት ሆነ? ያ ክፉ ውርጭ ካለፈ ወዲህ እንደ ልብሽ ትራመጃለሽ ወይስ ዛሬም ግድግዳ ይዘሽ ነው የምትሄጂው? ጓሮው፣ ከውርጩ የተረፉት የወይራ ዛፎች፣ ያቺ እልኸኛ በቅሎ፣ ሁሉም እንዴት ናቸው? ከሁሉ በላይ ደግሞ የወንድማችን የፎርቱኔ ደረት እንዴት ሆነ? ሲያስለው አሁንም «መስኮቱን ክፈቱልኝ» እያለ ያስቸግርሻል? እኔን ከጠየቅሽኝ በአካሌ ደህና ነኝ። የልቤን ግን አትጠይቂኝ፤ ራሴው እነግርሻለሁ።

እታለም፣ ይህን ደብዳቤ ለብቻሽ አንብቢው። የፎርቱኔ ዓይን ከደከመ ወዲህ የምጽፈውን ሁሉ ጮክ ብለሽ እንደምታነቢለት አውቃለሁ። ይህን ግን እሱ ማሳ እስኪወርድ ጠብቀሽ አንብቢና ምድጃው ውስጥ ጨምሪው። ልመናዬን አስቀድሜ ልንገርሽ፦ ፎርቱኔ የፊታችን ቅዳሜ ወደ ፓሪስ ባቡር እንዳይሳፈር አድርጊልኝ። በእናታችን አጥንት ይዤሻለሁ፣ እንዳይመጣ! ቢመጣ መድረኩ ላይ የሚያየው እኔን አይደለም፤ ሚናዬን ሌላ ሴት ይዛዋለች። ይህን ያመጣው ምን እንደ ሆነ ከሰማ ደግሞ ያ የታመመ ደረቱ አይችለውም።

እንጀራዬን ታውቂዋለሽ። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ በቴአትርም በፊልምም የሰው በር ስከፍትና ስዘጋ ኖርኩ። ገረድ ሆኛለሁ፣ ዓሣ ሻጭ ሆኛለሁ፣ አዋላጅ፣ መነኩሲት፣ የሕንፃ ዘበኛ ሴት ሆኛለሁ። ቆንጆዎቹ ሲሳሳሙ ሾርባ ይዤ የምገባው እኔ ነኝ። ስሜን የሚያውቅ የለም እንጂ ፊቴን የማያውቅ የለም፤ ገበያ ላይ ያስቆሙኝና «የት ነው የማውቅሽ? የዳቦ ቤቷ ሴትዮ አይደለሽም?» ይሉኛል። አዎ ብዬ አልፋለሁ። ፎርቱኔ አንቲብ ከተማ ሲኒማ ቤት ሊያየኝ የገባ ዕለት የሆነውን አንቺው ነሽ የነገርሽኝ። እሱ የጫማውን ክር ሊያስር ጎንበስ ሲል እኔ በሩን ከፍቼ «ጌታዬ የሉም» ብዬ ዘጋሁት። ቀና ሲል የለሁም። ፊልሙ አልቆ ሰዉ ሲነሣ «ቁጭ በሉ፣ እህቴ ተመልሳ ትመጣለች!» ብሎ ጮኸባቸው አልሽኝ። ጠራጊዋ መጥታ እስክታስወጣው ድረስ ጠበቀኝ። እኔ ያን ሰምቼ ስስቅ፣ ስስቅ፣ መጨረሻው ላይ አለቀስኩ።

ለዚህ ነው ገና ሰሞን የቴአትር ቤቱ ባለቤትና አዘጋጅ ሙሲዬ ላንጀሌ ጠርቶ የእናትዮዋን ሚና ሲሰጠኝ እንደ ልጅ የቦረቅኩት። መጋረጃው ሲከፈት መድረክ ላይ ያለች፣ ሲዘጋም የመጨረሻውን ቃል የምትናገር እናት! በሃምሳ ዘጠኝ ዓመቴ! ሐኪሙ ፎርቱኔን እስከ ወይን ለቀማ በሕይወት መድረሱን እንጃ ካለው በኋላ እሱም «አንድ ቀን እንኳ በር ዘግታ ሳትሮጥ ልያት» ብሎ መነሣቱን ስትጽፊልኝ፣ እግዜር አንድ ጊዜ ወደ ቤታችን ዞር አለ ብዬ አመንኩ።

ላንጀሌ ግን ጠባዩ አይጨበጥም። «ኤውላሊ የኔ ወርቅ» ሲለኝ ከርሞ በመጨረሻው ሳምንት ፊቱን አጠቆረብኝ። ድምፅሽ አይሰማም፣ እጅሽ በዛ፣ የደቡብ አነጋገርሽ አመለጠሽ ይለኛል። ሐሙስ ዕለት ጭራሽ ሰላም ሳይለኝ አለፈ። ሊያሰናብተኝ ነው ብዬ ጠረጠርኩ።

አሁን የእኛን የተዋንያንን ልማድ ልንገርሽ፤ እናንተ ዘንድ አይታወቅም። በድሮ ጊዜ የቴአትር ቤት ጌታ ውሏ ለሚታደስላት ተዋናይ ጽጌረዳ ይልክላት ነበር፤ ለምትሰናበተዋ ደግሞ የካርኔሽን አበባ። ቃል የለም፣ ወረቀት የለም፤ ካርኔሽን ካየሽ ሻንጣሽን ትሸክፊያለሽ። ዛሬ እንዲህ የሚያደርግ ጥቂት ነው፤ ፍርሃቱ ግን ከአጥንታችን አልወጣም። ካርኔሽን ይዞ ወደ መድረክ ብቅ የሚል ሰው ቢኖር ገፍትረው ነው የሚያስወጡት።

ዓርብ፣ የመክፈቻው ዕለት ከሰዓት በኋላ፣ መልበሻ ክፍሌን ከፈትኩ። መስተዋቱን የጋረደ ካርኔሽን! ቀዩ፣ ነጩ፣ የማይረሳው ሽታው! የላኪ ስም የለበትም። አልባሼ ማዳም ኦዴት ከኋላዬ ደርሳ «ኢየሱስ ማርያም!» ብላ አማተበችና ቀሚሴን ደፉ ላይ ጥላ ወደ ኋላ ሸሸች። «ውይ ልጄ፣ በመክፈቻው ቀን? ምን ዓይነት ጨካኝ ነው!» አለችኝ። ማንን እንደምትል አልጠየቅኳትም፤ ሁለታችንም አውቀነው ነበር፣ ወይም ያወቅን መስሎን ነበር።

ዜፊሪን፣ ስንት ዘመን የዋጥኩት ሁሉ ገነፈለ። አበባውን በእቅፌ ሙሉ አፍሼ መድረኩ ላይ ወጣሁ። ተዋናዩ ሁሉ ተሰብስቧል፣ ጋዜጠኞችም አሉ። የላንጀሌ እግር ሥር ዘረገፍኩለትና «አንተ ፈሪ! ፊት ለፊት ውጪልኝ ለማለት አፍ አጣህ? የሚስትህ ሀብት ባይኖር ማን ጌታዬ ይልህ ነበር?» አልኩት። ሌላም ብያለሁ፤ ለአንቺ አይጻፍም። ከዚያ ረጋ ብሎ «እኔ አበባ አልላክሁም፣ ማዳም። ስለ እኔ የሚያስቡትን ግን አሁን ሰማሁ» አለኝና ወደ ተጠባባቂዬ ወደ ጂልበርት ዞሮ «ሂጂ ልበሺ» አላት። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ እኔ ጠርጥሬ ተመነጠርኩ።

ወደ ክፍሌ ስመለስ ነው አበባው የመጣበትን ባዶ ቅርጫት ያየሁት። አፉ ላይ የዞረው ማሰሪያ ጫፉ ወደ ውስጥ ተቀብሮ፣ ልክ አባታችን እንዳስተማረው ተቋጥሯል። ከአባታችን ሞት በኋላ በምድር ላይ እንዲህ የሚቋጥር ፎርቱኔ ብቻ ነው። እየተደናበርኩ በር ጠባቂውን ብጠይቀው «አንድ የእናንተ አገር አበባ ነጋዴ በጧት አመጣው፤ ከወንድሟ ነው በላት አለኝ። ስራወጥ ዘነጋሁት፤ አጠፋሁ እንዴ?» አለኝ። ለቤቱ አዲስ ነው፤ ልማዱን ማን ነግሮት!

እኔስ ማን ነኝ? የካርኔሽን ገበሬ ልጅ አይደለሁም? እናታችንን ምጥ የያዛት እዚያው ማሳ ውስጥ አይደለም? ከልጅነታችን የቆረስነው ዳቦ ሁሉ ያንን አበባ ይሸት ነበር። ያ ሽታ ሲመታኝ «ወንድሜ!» ማለት ሲገባኝ «ላንጀሌ!» አልኩ። ምን ነካኝ? ውርጩ ማሳውን ሁሉ ፈጅቶበት፣ የተረፈችውን ጥቂት ሳይሸጣት፣ ለቅሞ ለእኔ ላካት። እኔም በሰው ጫማ ሥር በተንኳት። ምነው ምላሴ በተቆረጠ!

ላንጀሌን ለመንኩት። ጉልበቱን ይዤ ለመንኩት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና አልሰማኝም። ጂልበርት የእኔን ሻል ደርባ ተጫወተች። እኔ ከመጋረጃው በስተጀርባ ቆሜ ቃሌን ሁሉ ከእሷ ቀድሜ በከንፈሬ እያልኩ ጭብጨባውን ሰማሁ። ረጅም ጭብጨባ ነበር። ዛሬ ጋዜጦቹ አመስግነዋታል፤ እንግዲህ መመለሻ የለኝም። ስድቤም በየቴአትር ቤቱ ተወርቷል፤ ነገ ለገረድነት እንኳ ማን ይጠራኛል? ከዚያ ወዲህ እህል አልቀመስኩም። ተስፋ ቆርጫለሁ እታለም፤ ከአንቺ የምደብቀው የለኝም።

ለፎርቱኔ የምትነግሪውን ውሸት ሳወጣ ሳወርድ ነው የሰነበትኩት። ማሞቂያው ፈንድቶ ቴአትር ቤቱ ተዘጋ ብትዪው «እስኪጠገን እጠብቃለሁ» ይላል። ታመመች ብትዪው ያንኑ ዕለት ይነሣል። ስለዚህ ቴአትሩ ተወዶ ወደ ቤልጅግ፣ ከዚያም ወደ ስዊስ ይዘዋት ሄዱ፤ እስከ ወይን ለቀማ አትመለስም በይው። በሰው ቃል ስዋሽ የኖርኩ ሴት ለአንድ ወንድሜ የሚሆን ውሸት ቸገረኝ። አንቺ ከእኔ ትሻያለሽ፤ የአባታችንን ወይን ጠጅ ስንሰርቅ ፊትሽ አይለወጥም ነበር። እስከዚያ ከቆየልን ሌላ መላ እንፈልጋለን። ካልቆየም እህቴ አገር ላገር ተጨበጨበላት ብሎ ይሙት።

አክስት ፊሎሜንን ጉንጯን ሳሚልኝ፤ ጆሮዋ አይሰማም ብለሽ ግን ምስጢሩን አታውሪላት፣ ለሚያስፈልጋት ነገር ይሰማል። ለፎርቱኔ ልጅ ለሮዚን ሰላም በዪልኝ፤ የሠርጓን ቀን ከመንደሩ ሰው በኋላ እንዳልሰማ። ጎረቤታችንን ባቲስትን አጥሩን ስላቃናላችሁ አመስግኚልኝ። በቅሎዋንም አንገቷን ዳብሺልኝ።

ለፎርቱኔ ግን ይህን ቃል በቃል ንገሪው፦ አበባዎችህ ትኩስ እንደ ሆኑ ደረሱኝ። ዕድሜዬን ሙሉ የሌሎች ሴቶችን አበባ ተሸክሜ ወደየክፍላቸው ሳስገባ ኖርኩ፤ ለእኔ ተብሎ ሲመጣ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። አንድ እቅፍ የሚሞሉት ዛሬም ራስጌዬ ላይ ውሃ ውስጥ ቆመዋል፤ ቤቱ ሁሉ የእኛን ቤት ይሸታል። ይህን ስትነግሪው አትሳቀቂ፣ ዜፊሪን። ከመድረኩ ወለል ላይ ያልተሰበሩትን አንድ በአንድ የለቀምኳቸው እኔ ነኝ፤ ከምትነግሪው ሁሉ እውነቱ ይህ ብቻ ነው።

ታናሽ እህትሽ ኤውላሊ
ፓሪስ፣ እሑድ ማርች 11 ቀን 1956