ከኮፋኖ ሥር ስለሚኖሩት ዘጠኝ ፈረሶቼ

መርሳ፣ ነሐሴ መባቻ 2014 ዓ.ም.

ለክቡር አቶ ጌትነት
የቀበሌያችን የስንቅና የመጓጓዣ አሰባሳቢ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ካሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ክረምቱ እንዴት ይዞዎታል? ጤናዎ፣ ቤተሰብዎ፣ ማኅተምዎ ሁሉ ደኅና ነው ወይ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነን፤ እርስዎ በእግራችን እንድንሄድ ካደረጉን ወዲህ እንዲያውም ጉልበታችን ስለ ጠነከረ፣ አጎቴ ናስር ከነሪሁ፣ እኔም ከነንዴቴ ከልብ እናመሰግንዎታለን።

እርስዎ ያውቁኛል። ነገር ግን ይህ ደብዳቤ በመናኸሪያው ሰሌዳ ላይ ስለሚለጠፍ፣ አውቶቡስ የሚጠብቅ መንገደኛም እንዲረዳው ራሴን ላስተዋውቅ። ነሲባ ዓሪፍ እባላለሁ፤ መካኒካል ምሕንድስና ተምሬ በአጎቴ ጋራዥ የምሠራ፣ አንዲት አሮጌ ቱዊንካም መኪና ያለችኝ፣ ወይም እርስዎ እስኪወስዷት ድረስ የነበረችኝ የመርሳ ልጅ ነኝ። ቅሬታዬን በተራ ቁጥር የማቀርበው እርስዎ ቁጥር እንደሚወዱ፣ በተለይም የፈረስ ቁጥር እንደሚወዱ ስለማውቅ ነው።

አንደኛ፣ ስለ መኪናዋ። ዓምና ጦርነቱ ወልድያን አልፎ ወደ እኛ ሲወርድ፣ ሰው ሁሉ ወደ ደሴ ሲሸሽ፣ እኛም ስምንት ሰውና አንድ ፍራሽ ጭነን ወጣን። ወደ ውጫሌ በሚወስደው መንገድ ላይ ካለው ከትልቁ ዳገት ወገብ ስንደርስ መኪናዋ አቅም አጥታ ቆመች። ወርደን ገፋናት፣ ለመንናት፣ እናቴ ሀጂራም ዱዓ አደረገችላት፤ እሷ ግን ወደ ኋላ እንጂ ወደ ፊት አልሄድም አለች። ተመልሰን መርሳ ገባን። ያን ዕለት እኔና ናስር ሞተሯን ቡሎን በቡሎን ፈታትተን ግማሹን በረት ውስጥ ቀበርን፣ ግማሹን በአሮጌ የማሽላ አገዳ ክምር ሥር ደበቅን፤ የቀረውን ቆርቆሮ ያየ ሁሉ ንቆት አለፈ። የሚነዳ ነገር ሁሉ ከከተማው ሲወሰድ የእኔ መኪና በዚህ ዘዴ ተረፈች። ይህን የማነሣው መኪናን ከባለ ጠመንጃ ማስጣል እንደማውቅበት፣ ከባለ ማኅተም ማስጣልን ግን ዩኒቨርሲቲውም እንዳላስተማረኝ እንዲረዱልኝ ብዬ ነው።

ሁለተኛ፣ ስለ ፈረሶቹ። ሰላም ሲመለስ መኪናዋን ስንገጥም ያ ዳገት ከዓይኔ አልጠፋ ብሎ ስለ ነበር፣ ወደ ድሮው ሁኔታዋ ልመልሳት አልፈለግሁም። የአየር ፊልትሮዋን አየር በደንብ በሚያስገባ ቀየርኩት፤ ከሞተሩ ጢስ የሚያወጣውን ጠባብ ቱቦና ድምፅ የሚያፍነውን ማርሚታ ደግሞ ናስር ሰፋ አድርጎ በየደልኝ። ሁሉም በቡሎን የሚታሰሩ ናቸው፤ የሞተሩ ሆድ አልተነካም።

ከዚያ በኋላ የቀረው መለካት ነበር። የፈረስ ጉልበት ማለት፣ ክቡር ሆይ፣ የሞተር ብርታት መስፈሪያ ነው፤ ኪሎ ለሥጋ፣ ጣሳ ለእህል እንደ ሆነው ማለት ነው። በትልልቅ ከተማ መኪናን በሚሽከረከር ብረት ላይ አቁሞ ጉልበቷን የሚናገር መሣሪያ አለ ይባላል፤ እኛ ያለን ዳገት ነው፤ ዳገት ደግሞ ዘመድ አያውቅም። መኪናዋን ከነተሳፋሪዋ በእህል መጋዘኑ የመኪና ሚዛን ላይ መዘንኩ። ከዳገቱ ሥር አንድ ድንጋይ ኖራ ቀባሁ፤ ከላይ ባለችው ትንሽ ድልድይ ግንብ ላይ አብሮ አደጌን ትንሳኤን ስልኳን አስይዤ አስቀመጥኳት። ድንጋዩን ሁልጊዜ በእኩል ፍጥነት አልፌ ነዳጅ መስጫውን እስከ ወለሉ እረግጣለሁ፤ ያኔ ጡሩምባ ስነፋ ትንሳኤ በስልኳ ሰዓት ማስቆጠር ትጀምራለች፣ ግንቡ ጋ ስደርስ ታቆማለች። ክብደቱ ከታወቀ፣ ከፍታው ከታወቀ፣ የፈጀው ጊዜ ከታወቀ ጉልበቱ በሒሳብ ይወጣል።

ፊልትሮውን ብቻ የቀየርኩ ዕለት መኪናዋ እንደ አንበሳ አገሣች፤ ሰዓቱ ግን ንቅንቅ አላለም። ድምፅ ጉልበት አለመሆኑን ያኔ በዓይኔ አየሁት፤ በስብሰባ ላይ ረዥም ንግግር ለሚያደርጉ ባለሥልጣናትም ይህን በነጻ ለማስረዳት ዝግጁ ነኝ። ቱቦውና ማርሚታው ሲታሰሩ ግን ዳገቱ አጠረ። አላመንኩም፤ አንድ ጊዜ ለክቶ የሚያምን የሚለካው ምኞቱን ነውና፣ አዲሱን ፈትቼ አሮጌውን መልሼ አስሬ ለካሁ፤ ደግሞ አዲሱን አስሬ ለካሁ። ልዩነቱ ዘጠኝ ሆነ። በደስታዬም በጋራዡ በር ላይ «ማርሚታና ቱቦ ቀይረን ዘጠኝ ፈረስ ጨምረናል፤ መጥታችሁ እዩ» ብዬ ለጠፍኩ።

መጀመሪያ መጥተው ያዩት ከደጋ ለገበያ የወረዱት አያ ሽፈራው ናቸው፤ ባዝራቸውን እየሳቡ መጥተው፣ ከዘጠኙ መካከል ደህና ድንጉላ እንዳለ በትሕትና ጠየቁኝ። ኮፋኖውን ከፍቼ አሳየኋቸው። ጎንበስ ብለው ሞተሩን አንድ ጊዜ ተመለከቱና ሳቅ ብለው «ልጄ፣ ከዚህስ ውርንጭላ አይወጣም» ብለው ባዝራቸውን አዙረው ሄዱ። እነሆ አንድ ገበሬ አይቶ፣ ተረድቶ፣ ስቆ ለመሄድ የፈጀበት ጊዜ ይህን ያህል ነው። ሁለተኛው አንባቢ እርስዎ ነበሩ።

ሦስተኛ፣ ስለ መጥሪያዎ። ለስንቅ መጫኛ የጋማ ከብት በሚሰበሰብበት በዚህ ወቅት ዘጠኝ ፈረስ መደበቄን ጠቅሰው፣ ከነኮርቻቸውና ከነልጓማቸው እንዳቀርባቸው አዘዙኝ፤ ከግርጌውም «ፈረስ የደበቀ፣ ያጎደለ ወይም ያደከመ በዓይነት ይተካል» የሚል ደንብ አሰፈሩ። ይህችን ደንብ እንዳይረሷት በታላቅ አክብሮት እለምንዎታለሁ፤ ኋላ እንፈልጋታለን።

መጥቼ አስረዳሁ። አንድ የተከበሩ የኮሚቴ አባል ምን እንደሚበሉ ጠየቁኝ፤ ቤንዚን አልኳቸው፤ ጻፉት። እርስዎ ግን ጥበበኛ ነዎትና ወጥመዱን በአንድ ቃል ዘጉት፦ ፈረስ ካለሽ ደብቀሻል፣ ፈረስ ከሌለሽ ሕዝብ አታለሻል አሉኝ። ፈረስ ካልሆነ ለምን ፈረስ ተባለ ብለውም ጠየቁኝ። በዚህስ እውነትዎን ነው፤ ሰብሳቢ የተባለ ሁሉ የሚሰበስበው ለማን እንደ ሆነ እኔም ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄአለሁ። በመጨረሻም ፈረሶቹ እስኪቀርቡ ድረስ መኪናዋ መያዣ ትሁን፣ ስንቅም ታመላልስ ተብሎ ተወሰነ፤ ቁልፉን ከእጄ ሲቀበሉም «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ብለው ተረቱልኝ። በእርግጥም አድርሷል፤ ማንን እና የት የሚለው ነው አራተኛው ቅሬታዬ።

አራተኛ፣ ስለ ስንቁ። እስካሁን በመኪናዬ የተጫነው ስንቅ በሐራ አንድ ሙሽራ ከነሚዜዎቹ፣ ከሐይቅ ደግሞ የተጠበሰ ዓሣ ነው፤ ዓሣውም ወደ ኋላ የተመለሰው በእናንተ ሆድ ውስጥ ሆኖ ነው። ጎረቤቶቼ ጠዋት ጠዋት «ነሲባ፣ ፈረሶችሽ ዛሬም ሐይቅ ውሃ ሊጠጡ ወረዱ» እያሉ ይቀልዱብኛል። ቀልዱን እችለዋለሁ። የማልችለው ግን ሰሞኑን ከቆቦ በኩል የሚመጣው ወሬ ደኅና አለመሆኑን ነው። እናቴ ፍራሹን ጠቅልላ በሩ አጠገብ አቁማዋለች፤ የናስር እግር ከመስጊድ ማዶ አይሄድም። ያ ዳገትም እዚያው ቦታው ላይ ነው። መኪናዋን ስለካ የከረምኩት ለጨዋታ አልነበረም፤ በሚቀጥለው ጊዜ ስምንታችንም እንድንወጣው ነበር።

አምስተኛውን ቅሬታ ብለው ባይጠሩት ደስ ይለኛል፤ የምርምር ውጤት ነው። ሐይቅ ለመሄድ በዚያው ዳገት ስለሚያልፉ፣ እኔና ትንሳኤ ነጠላ ተከናንበን፣ የከሰል ምድጃ ይዘን፣ ኖራ የተቀባው ድንጋይና ግንቡ አጠገብ ተከፋፍለን በቆሎ ስንጠብስ ሰነበትን። አንዱ የኮሚቴ አባልዎ በመስኮት ሁለት ራስ በቆሎ ገዝተውናል፤ ስለ ደንበኝነታቸው እናመሰግናለን። ነዳጁን እስከ ወለሉ እንደሚረግጡት ከሞተሩ ጩኸት ይታወቃል። የአራታችሁን ክብደት ውጤቱ ለእርስዎ እንዲያደላ ብዬ ወደ ላይ ገምቼዋለሁ፤ በዚህ ከተቀየሙ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ባለፉ ቁጥር ለካን፤ ባለፉ ቁጥር ያው ሆነ። ዘጠኙ ፈረሶቼ የሉም። ከፋብሪካ ጀምሮ ከነበሩትም አምስቱ አብረው ጠፍተዋል። በእርስዎ እጅ የጎደለው በድምሩ አሥራ አራት ፈረስ ነው።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ ፈረስ ያጎደለ ወይም ያደከመ በዓይነት እንዲተካ በራስዎ እጅ ጽፈው፣ በራስዎ ማኅተም አትመዋል። በመሆኑም አሥራ አራት ፈረስ፣ ከነኮርቻቸውና ከነልጓማቸው፣ በጋራዣችን በር ላይ እንዲያቀርቡ በትሕትና እጠይቃለሁ፤ ከመካከላቸው አንዱ ደህና ድንጉላ ይሁን፣ አያ ሽፈራው እየጠበቁ ነው። እነዚህ ፈረሶች ፈረስ አይደሉም የሚሉ ከሆነ ደግሞ እኔም ከመጀመሪያው ያልኩት እሱን ነውና፣ መኪናዬን ፍራሹ ሳይነሣ ይመልሱልኝ። ከሁለቱ አንዱን ይምረጡ፤ ወጥመዱን የሠሩት እርስዎ ነዎት፣ እኔ በሩን ብቻ ነው የዘጋሁት።

ስምዎን ላወጡልዎ ለአርቆ አስተዋይ ወላጆችዎ፣ ዓሣ ለማያልቅበት ለሐይቅ፣ ለማይዋሸው ዳገታችንም ያለኝን አድናቆት እየገለጽኩ፣ አላህ ለእርስዎ ጤና፣ ለእኔ ቁልፌን እንዲሰጥ በመለመን እሰናበታለሁ።

አክባሪዎ፣ ለካሪዎና በዓይነት ጠያቂዎ፣
ነሲባ ዓሪፍ
ናስር ጋራዥ፣ መርሳ

ድኅረ ጽሑፍ፦ አሥራ አራቱ ፈረሶች በእርግጥ አልሞቱም። መኪናዋ በአጠገባችን ስታልፍ የኋላ ጎማዎቿ የተቃጠለ ፍሬን ይሸታሉ፤ የሚነዱት የእጅ ፍሬኑን ሳይለቁ ነው። ፍሬን ይዞ ነዳጅ መርገጥ በመኪና ላይ ምን ያህል እንደሚያጎድል ለክቼ ነግሬዎታለሁ፤ በቀበሌ ላይ ምን ያህል እንደሚያጎድል ለመለካት ግን የሚበቃ ዳገት ገና አላገኘሁም።