በዘጠና ስምንት የተሳፈረው ሰው

ሜይ 4
ጠዋት በእግሬ ሄድኩ። ጉልበቴ ደህና ነው። ለወርሃዊ ጋዜጣችን ሦስተኛ ገጽ ምን ልስጥ ስል ዜናው መጣ። ጨረቃ ላይ ከተራመዱት አንዱ፣ ሽማግሌው ጠፈርተኛ አርፏል። ዘጠና አንድ ዓመቱ ነበር። የሕይወት ታሪኩን እኔ እጽፈዋለሁ።

ሜይ 6
ቀኑን ሙሉ ስለ እሱ ሳነብ ዋልኩ። የበቆሎ ገበሬ ልጅ። የጦር አውሮፕላን አብራሪ። ሦስት ቀን ጨረቃ ላይ... ከዚያ ሃምሳ ዓመት ስለ ሦስቱ ቀን ሲጠየቅ ኖረ። አልሰለቸውም ይሆን? ጡረታ ሲወጣ ንብ አረባ። ይቺን ወደድኳት።

ሜይ 7
ሐሙስ። አትላንታ አጠገብ፣ ክላርክስተን ያለው የሐበሾች ሻይ ቤት። ታክሲ ነጂው ወዳጄ አብዱረህማን ረቂቄን አነበበ። ይህን ሰውዬ ጭኜዋለሁ እያለ ስንት ዓመት ነገረን። የሻይ ቤቱ ቀልደኛ ሽፈራው «የጨረቃው ሹፌር» ብሎ ስም አውጥቶለታል።
«አንድ መስመር ጨምርልኝ፣ ጋዜጠኛው። አትላንታ ሲመጣ ከኤርፖርት ፒክ ያደረግኩት እኔ ነኝ።»
«መቼ?»
«በዘጠና ስምንት። የጨረቃ አፈር ምን ይሸታል አልኩት። የተተኮሰ ጥይት ይሸታል አለኝ። ወታደር ነበርኩ፣ ሽታውን አውቀዋለሁ።»
ጥሩ መስመር ናት። ግን ሳላረጋግጥ አላትምም። አርባ ዓመት የኖርኩበት ሕግ ነው።

ሜይ 8
ፈተሽኩ። በ1998 ሰውዬው የልብ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ዓመቱን ሙሉ ከቤቱ አልወጣም። ምነው ባልፈተሽኩ...

ሜይ 14
ሻይ ቤት ለአብዱረህማን ነገርኩት። ለብቻው መንገር ነበረብኝ። ሽፈራው ሰማ።
«ታዲያ የጫንከው መንፈሱን ነዋ።»
ቤቱ ሳቀ። እኔም ፈገግ አልኩ መሰለኝ።
አብዱረህማን ሻዩን አልጨረሰም። «ውሸታም ብትለኝ ይሻል ነበር» ብሎ ወጣ።

ሜይ 21
ሐሙስ። አልመጣም። ስልክ አያነሳም። ጋዜጣው ያለ እሱ መስመር ወጣ። ማንም ስህተት አላገኘበትም። ደስ አላለኝም።

ሜይ 24
ሊቶኒያ፣ አብዱረህማን ቤት ሄድኩ። ሥራ ላይ ነው። ባለቤቱ ሳሚያ በሩን ከፈተች።
«ጋሼ ፊልጶስ፣ ምን ብለውት ነው? ከእኛም ጋር ማውራት ትቷል።»
ወሬ ለማስቀየር የልጃቸውን የለይላን ፎቶ አየሁ። ስንት ዓመቷ ሆነ አልኩ።
«ሃያ ሞላት እኮ። በዘጠና ስምንት ተወለደች። ታክሲ በጀመረ በወሩ።»
በዘጠና ስምንት ተወልዳ ሃያ?
ተቀመጥኩ። ሳሚያ ውሃ አመጣችልኝ።
በእኛ አቆጣጠር ነው። በየመስከረሙ እንኳን አደረሰህ የምለው ሰው... እንዴት ሳትኩት?
ቤት ገብቼ የፈረንጆቹን 2006 አየሁ። ጠፈርተኛው ማርች ላይ አትላንታ ነበር፣ አንድ ኮሌጅ ንግግር ሊያደርግ። ታክሲ ውስጥ ለመቀመጡ ማስረጃ የለም። ምስክሩ ማን ነው? አብዱረህማን። ይበቃኛል።
ደወልኩ። አላነሳም። «ዓመቱን የሳትኩት እኔ ነኝ፣ ይቅር በለኝ» ብዬ መልእክት ተውኩ።

ሰኔ 18 (ጁን 25)
ከእንግዲህ ሁለቱንም ነው የምጽፈው።
አዲሱ እትም ወጣ። ማረሚያው ሁለተኛ ገጽ ላይ፣ ከላይ። በሥራ ዘመኔ ያወጣሁት ረጅሙ ማረሚያ። ዓመቱ፣ ኤርፖርቱ፣ የጥይቱ ሽታ፣ ሁሉም አለ።
ሻይ ቤት ቀድሜ ደረስኩ። ሽፈራው አነበበና ጋዜጣውን አጥፎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። አራት ሰዓት ላይ አብዱረህማን ገባ። ሰላም ሳይለኝ ጋዜጣውን አነሳ። አነበበ። መልሶ አነበበ። መነጽሩን አወለቀ።
«ሁሉም ልክ ነው» አለ። «ግን አብዱራሂም ማነው?»
ቀማሁት። አብዱራሂም ይላል። በገዛ እጄ... አሥር ዓመት የማውቀውን ስም።
እሱ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።
«ግድ የለም። በሚቀጥለው ወር ታርመዋለህ» አለኝ። «ከዚያ ደግሞ ሌላ ትሳሳታለህ። በየወሩ እያረምክ አውጣኝ።»
ሻዩን ጨረሰ። ሁለተኛም አዘዘ።